ሲቆይ የሚፈዝ ሌዘር፦ ድንጋዩ ነው ወይስ ሙቀቱ?

ጥያቄ፦ ጎንደር አስጎብኚ ነኝ። ፋሲል ግቢ ውስጥ ከፍ ያሉትን የግንቦቹን ክፍሎች ለእንግዶች የማሳየው በአረንጓዴ ሌዘር ነው። በሁለት ትንንሽ ትሪፕል ኤ የባትሪ ድንጋይ ይሠራል። ሲጀምር ደማቅ ነው፤ ተጭኜው ስቆይ ግን እየፈዘዘ ይሄዳል። ኪሴ ከትቼ ካሳረፍኩት ይመለሳል። ከቅዳሜ ገበያ አዲስ ድንጋይ ገዝቼ ቀየርኩ፣ ያው ነው። እንዳያንሸራትተኝ ደግሞ ከፊት በኩል በፕላስተር ጠቅልዬዋለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ካረፈ በኋላ መመለሱ ብቻውን ጥፋቱን አይነግረንም። የደከመ ድንጋይም ሲያርፍ ትንሽ ጉልበት ያገኛል፣ የጋለ ሌዘርም ሲያርፍ ይበርዳል። ሁለቱን የሚለየው ይህ ነው፦ ሌላ ያረፈ ጥንድ ድንጋይ ይያዙ። ሌዘሩን ተጭነው ልክ ሲፈዝ፣ ሳያሳርፉት፣ ድንጋዩን ቶሎ ይለውጡ። ብርሃኑ ወዲያው ከደመቀ ጥፋቱ ከድንጋዩ ነው። ፍዝ እንደሆነ ከቀጠለ ሙቀቱን ይጠርጥሩ።

ድንጋይ መቀየርዎን አምናለሁ፤ ጥያቄው በምን ዓይነት ቀየሩት ነው። አረንጓዴ ሌዘር ብዙውን ጊዜ ከ200 ሚሊ አምፔር በላይ ይስባል። ርካሹ የዚንክ ካርቦን ድንጋይ ለሪሞት ወይም ለግድግዳ ሰዓት ይበቃል፣ ይህን ያህል ሲጠየቅ ግን ቮልቱ ይወርዳል። አዲስ መሆኑ አያድነውም። አልካላይን የሚል ጽሑፍ ያለበትን ይግዙ። ቴስተር ካለዎት ሌዘሩ እየበራ እያለ ይለኩ፤ ባዶውን የተለካ ድንጋይ 1.5 ቮልት አሳይቶ ሊያታልልዎት ይችላል። የሁለቱ ድምር በሥራ ላይ 2.4 አካባቢ ከወረደ ድንጋዩ አልቻለም ማለት ነው። በመጠን ትሪፕል ኤ የሚመስለውን፣ ቻርጅ የሚደረገውንና 10440 የሚባለውን የሊቲየም ባትሪ ግን እንዳያስገቡ! አንዱ ብቻ ሞልቶ 4.2 ቮልት ነው፤ ሁለት ሲሆን ሰርኪዩቱን ወዲያው ያቃጥላል።

እግረ መንገድዎን ሞላውንና የክዳኑን ጥርስ ይመልከቱ። ቁልፉን ጠበቅ አድርገው ሲጫኑ ወይም ክዳኑን ሲያጠብቁ ብርሃኑ ከተለወጠ ንክኪው ቆሽሿል። በላጲስ ይሹት፣ ከዚያ አልኮል በነካ ጥጥ ይጥረጉት፣ በቃ።

የእርስዎን ነገር ሳስበው ግን እኔ የምጠረጥረው ፕላስተሩን ነው። በብዙዎቹ አረንጓዴ ሌዘሮች ውስጥ አረንጓዴ የሚያበራ ዳዮድ (ኤሌክትሪኩን ወደ ብርሃን የሚለውጠው ክፍል) የለም። ዳዮዱ የሚያወጣው የሞገድ ርዝመቱ 808 ናኖሜትር (የሜትር ቢሊዮንኛ) የሆነ፣ ዓይን የማያየውን ብርሃን ነው። አንድ ክሪስታል ይህን ውጦ 1064 ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ክሪስታል ደግሞ ሞገዱን በግማሽ አሳጥሮ 532 ናኖሜትር፣ ማለትም የምናየውን አረንጓዴ፣ ይሰጠናል። ዳዮዱ ሲግል ሞገዱ በየዲግሪው 0.3 ናኖሜትር ገደማ ይረዝማል። በ10 ዲግሪ ከጋለ 3 ናኖሜትር ያህል ሸሸ ማለት ነው፤ የመጀመሪያው ክሪስታልም እንደ ድሮው አይውጠውም። ድንጋዩ ያንኑ ያህል እየተበላ አረንጓዴው ይቀንሳል። በጠዋት ብርድ ፈዝዞ ጀምሮ፣ ሲሞቅ ደምቆ፣ ኋላ እንደገና የሚፈዝም የሚያጋጥመው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሙቀቱ የሚወጣው ከፊት ካለው የነሐስ ክፍል ወደ ብረት ቱቦው ነው። እርስዎ ደግሞ እዚያው ላይ ብርድ ልብስ አልብሰውታል። ፕላስተሩን ይላጡት፤ ማንሸራተቱ ካስቸገረዎት ወደ ኋላ፣ ድንጋዩ ያለበት ላይ፣ የጎማ ላስቲክ ያስሩ። ታሪኩን ሲያወሩ ጣትዎን ከቁልፉ ያንሱ፤ መስኮቱን ወይም ጉልላቱን ለማሳየት አሥር ሰከንድ ይበቃል። ፀሐይ ላይም ሆነ መኪና ውስጥ መስታወት ሥር አያስቀምጡት።

አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። አረንጓዴው ፈዘዘ ማለት አደጋው ቀነሰ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች አረንጓዴው የደከመ አንድ ርካሽ ሌዘር ሲመረምሩ፣ 20 ሚሊ ዋት የሚጠጋ የማይታይ ብርሃን ሲያፈስ አግኝተውታል። ርካሾቹ ላይ ይህን የሚያስቀር ማጣሪያ ብዙ ጊዜ አይገጠምም። ስለዚህ "ፈዟል እኮ" ብለው ወደ ሰው ፊት ወይም ወደሚያብረቀርቅ ነገር አያዙሩት፤ ሕፃናት እንዲጫወቱበትም አይስጡ። ማታ ኮከብ ለማሳየት ለሚወዱም፦ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ቅርባችን ነውና ወደ አውሮፕላን በፍጹም።

ውስጡን ከፍተው ሰርኪዩቱ ላይ ያለችውን ትንሽ ማስተካከያ በመፍቻ የሚያዞሩ አሉ። ለጊዜው ይደምቃል። ዳዮዱ ግን ካቅሙ በላይ እየተገፋ የባሰ ይግላል፣ ብዙ ሳይቆይም ይሞታል። እኔ አልነካትም፣ እርስዎም አይንኳት።

ይህን ሁሉ አድርገው፣ ቀዝቅዞም በአዲስ አልካላይን ገና ሲጀምር ፍዝ ከሆነ፣ መጀመሪያ የፊቱን መስታወት ከአቧራ ያጽዱ። ካልተለወጠ ዳዮዱ አርጅቷል ወይም ክሪስታሉ ከቦታው ተነቃንቋል፤ ለመጠገን የሚወጣው ገንዘብ አዲስ ይገዛልና አይድከሙ። ሲገዙ 520 ናኖሜትር የሚለውን ይምረጡ። እሱ ያለ ክሪስታል ከራሱ ከዳዮዱ አረንጓዴ ስለሚያወጣ ለሙቀት እንደዚህኛው አይሸነፍም። ከ5 ሚሊ ዋት በላይ የሚለውንም ይተዉት። ቀዩ 650 ርካሽ ነው፣ ብዙም አይግልም፤ ግን በእኩል ጉልበት ዓይናችን 532ን ወደ ስምንት እጥፍ አድምቆ ስለሚያየው፣ በቀን ብርሃን ግንብ ላይ ቀዩን ማንም እንግዳ አያገኝልዎትም።