ስለ ጥንታዊ የሮማ ሳንቲሞች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

የሮማ ሳንቲሞችን መሰብሰብ ከጀመርኩ ረጅም ጊዜ ስለሆነ፣ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ በማውቀው ልክ መልስ እሰጣለሁ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በወንጌል የምናነበው ዲናር ምን ዓይነት ገንዘብ ነበር?

መልስ፦ ዲናር የሮማ ዋነኛ የብር ሳንቲም ሲሆን፣ መሠራት የጀመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ211 ገደማ፣ ሮማ ከሰሜን አፍሪካዋ ከተማ ከካርቴጅ ጋር በምትዋጋበት ጊዜ ነው። ለወይን ቦታው ሠራተኞች የቀን ደመወዝ ሆኖ የተነገረው ይኸው ገንዘብ ነው። ለቄሣር ግብር ስለመክፈል ጥያቄ በተነሣ ጊዜ የቀረበው ዲናር ደግሞ የጢባርዮስ ቄሣር እንደነበረ ሰብሳቢዎች በተለምዶ ይናገራሉ። በእጄ ያለው የጢባርዮስ ዲናር ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይሰፋ፣ 3.7 ግራም የሚመዝን ነው፤ በአንዱ ፊት የቅጠል አክሊል የደፋ ራስ፣ በጀርባው በትርና ቅርንጫፍ ይዛ የተቀመጠች ሴት ይታዩበታል። በራሱ ዙሪያ የተቀረጸው የላቲን ጽሑፍ ቃላቱ ባጭር ባጭሩ የተቆረጡ ሲሆኑ፣ ጢባርዮስን «የመለኮታዊው አውግስጦስ ልጅ» ይለዋል። ስለ መልኩና ስለ ጽሑፉ የተነሣው ጥያቄ ምን ያህል ከባድ እንደነበረ የገባኝ ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው፤ አንድ አምላክ ብቻ የሚያመልክ ሰው ይህን የመሰለ ቃል በየቀኑ በእጁ ይዞ ይገበያይ ነበርና።

ጥያቄ፦ በብዙዎቹ ላይ ምስሉ ወደ ዳር የሚሸሸው ለምንድን ነው?

መልስ፦ በእጅ ስለሚመቱ ነው። ሠራተኛው የጋለውን ክብ ብር በሁለት የተቀረጹ ማተሚያዎች መካከል አስገብቶ በመዶሻ ይመታዋል፤ ብሩ ጥቂት ከተንሸራተተ ምስሉም አብሮ ይሸሻል።

ጥያቄ፦ የኋለኞቹ ነገሥታት ሳንቲሞች ብር ናቸው እየተባለ መዳብ የሚመስሉት ለምንድን ነው?

መልስ፦ አብዛኞቹ በእርግጥም መዳብ ስለሆኑ ነው። በጢባርዮስ ዘመን ዲናር ንጹሕ ብር ለመሆን የቀረው ጥቂት ነበር። ኔሮን በ64 ክብደቱንም ጥራቱንም ቀነሰ፤ የወታደሩን ደመወዝ ከፍ ያደረገው ሴፕቲሚዮስ ሴቬሮስ ደግሞ የብሩን መጠን ወደ ግማሽ ገደማ አወረደው። ካራካላ በ215 ጨረር የሚመስል አክሊል የደፋ ምስል ያለበትን አዲስ ሳንቲም አወጣ፤ ሳንቲሙ የሁለት ዲናር ዋጋ ይሰጠው ነበር ተብሎ ይታመናል፣ በውስጡ የነበረው ብር ግን ሁለት ዲናር አይሞላም። በ260ዎቹ መጨረሻ የዚሁ ሳንቲም ብር ከመቶ 5 እጅ በታች ወርዶ፣ ላዩ ብቻ በስሱ ብር የተቀባ መዳብ ሆነ። ሕዝቡም ይህን ያውቅ ነበር፤ አሮጌውንና ደኅናውን ብር እየቀበረ አዲሱን ያወጣ ነበር። ዛሬ ከመሬት በማሰሮ የሚወጡ ብዙ ክምችቶች የዚያ ጭንቀት ቅሪቶች ናቸው፤ በ2010 በእንግሊዝ በፍሩም አቅራቢያ የተገኘው አንድ ማሰሮ ብቻ ከ52,000 በላይ ሳንቲሞች ይዞ ነበር። ዲዮቅልጥያኖስ በ301 የዕቃ ዋጋ ጣሪያ ቢያውጅም አልተሳካለትም። ጸንቶ የቆየው ቆስጠንጢኖስ ከአንድ የሮማ ፓውንድ 72 እንዲወጡ አድርጎ ያሠራው፣ 4.5 ግራም ገደማ የሚመዝነው የወርቅ ሶሊዱስ ነው፤ እስከ 11ኛው መቶ ዘመን ድረስ ታምኖ ተሠርቶበታል።

ጥያቄ፦ የአክሱም ሳንቲሞች ከሮማ ጋር ይገናኛሉን?

መልስ፦ አዎ። በአንደኛው መቶ ዘመን ስለ ቀይ ባሕር ንግድ የተጻፈ የግሪክኛ ሰነድ፣ በአክሱም ወደብ በአዱሊስ ለሚኖሩ የውጭ ሰዎች ጥቂት ዲናር ይገባ እንደነበር ይመዘግባል። ንጉሥ እንዱቢስ በሦስተኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ የራሱን ሳንቲም ሲያሠራ፣ በወርቁ ላይ ስሙን በግሪክኛ አጻፈ፤ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ነጋዴ እንዲያነበው ይመስለኛል። ኢዛና ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ በቀደሙት ሳንቲሞች ላይ የነበረው የጨረቃና የክብ ምልክት ቀርቶ መስቀል ተተካበት፤ ይህን ለውጥ በዓይን ማየት ለእኔ ከማንኛውም የሮማ ሳንቲም ይበልጣል።

ጥያቄ፦ የገዛሁት ነሐስ አረንጓዴ ሆኗል፤ በሎሚ ልጠበው?

መልስ፦ እባክዎን አይጠቡት! እኔ በጀማሪነቴ አንድ የቆስጠንጢኖስ ነሐስ በኮምጣጤ ነክሬ፣ በማግሥቱ ፊቱ ተበልቶ፣ ጽሑፉ ጠፍቶ አገኘሁት፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ጠንካራና ለስላሳ የሆነው አረንጓዴ ሽፋን ሳንቲሙን የሚጠብቀው ቆዳው ነው። የሚያሠጋው በጣት ሲነካ የሚረግፍ፣ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ዱቄት ነው፤ እሱ ከጨው የሚመጣ የነሐስ በሽታ ስለሆነ ሳንቲሙን ለይተው በደረቅ ቦታ ያስቀምጡና ለባለሙያ ያሳዩ።

ጥያቄ፦ ሐሰተኛውን በምን እለያለሁ?

መልስ፦ መጀመሪያ ይመዝኑት፤ ቀጥሎ ጠርዙን በማጉያ መነጽር ይመልከቱ። በቅርጽ ፈስሶ የተሠራ ከሆነ ዙሪያውን የሚሄድ የመጋጠሚያ መስመርና በላዩ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ጉድጓዶች ይታያሉ። በመዶሻ የተመታው ግን አንዳንድ ጊዜ ጠርዙ ላይ ስንጥቅ ይኖረዋል፤ ስንጥቁ ብቻውን ጉድለት አይደለም። ጀማሪ ከሆኑ የቆስጠንጢኖስን ዘመን ትንንሽ ነሐሶች ያስቀድሙ፤ ብዙ ስለሆኑ ዋጋቸው አይከብድም።

ጥያቄ፦ አጎቴ እርሻ ሲያርስ የአክሱም ሳንቲም አገኘ፤ ውጭ አገር ላለ ሰብሳቢ መሸጥ ይችላል?

መልስ፦ አይችልም። በኢትዮጵያ ቅርስን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 209/1992 (ይህ ቁጥር በእኛ አቆጣጠር ነው) በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያዝዛል። አጎትዎ ሳንቲሙን ሳያጥቡት፣ የተገኘበትን ቦታ ምልክት አድርገው፣ በአካባቢያቸው ላለው የባህል ጽሕፈት ቤት ያሳውቁ፤ ከየትኛው ማሳና ከምን ያህል ጥልቀት እንደወጣ ካልታወቀ፣ ሳንቲሙ ሊነግረን ከሚችለው ግማሹ ይጠፋል።