ቡገንቪሊያ ከየት መጣ? ሱሉልታ ላይስ ለምን አያብብም?

ሀገር በቀል አይደለም። ችግኝ ሻጩ «የኛው ነው፣ ብርዱን ለምዶታል» ያለህ ተሳስቷል።

ቡገንቪሊያ የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው፤ የብራዚል፣ የቦሊቪያ፣ የፔሩና የአርጀንቲና። በ1767 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው የዕፅዋት አጥኚ ፊሊበርት ኮመርሰን ሪዮ ዴ ጄኔሮ ላይ ሰበሰበው። ስሙ ግን የጉዞው አዛዥ ከነበረው ከቡገንቪል ነው የመጣው።

የሚወደው ሙቀትና ደረቅ ወቅት ነው። ለዚህ ነው አዳማ አጥሩን ሙሉ የሚያቀላው፣ ያንተው ግን ብርዳማው ሱሉልታ ላይ ዓመት ሙሉ ቅጠል ብቻ ይዞ የቆመው። (በነገራችን ላይ ያ ቀዩ ራሱ አበባ አይደለም፣ ቅጠል ነው። አበባዋ መሃል ላይ ያለችው ትንሿ ነጭ ነገር ናት።)

ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ ግድግዳ ስር ትከለው፤ ውሃ ቀንስለት። ችግኙን ከመጣበት ባልዲ ስታወጣው ሥሩን አትበትነው፣ ይቀየማል።

ውርጩን ግን አትናቀው። የኔው ታኅሣሥ ላይ በአንድ ሌሊት ጠቆረ። ነቅዬ ልጥለው ስል ግንዱን በጥፍሬ ፋቅ አደረግሁት፤ ውስጡ አረንጓዴ ነው። የደረቀውን ቆርጬ ተውኩት፣ ሚያዝያ ላይ አቆጠቆጠ። ከኅዳር እስከ ጥር ማታ ማታ በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍነው፣ ጠዋት ግለጠው። ጓንት አድርግ፣ እሾሁ ክፉ ነው።