የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በድሬዳዋ ሙቀት የትኛው አምፖል ይመረጣል?

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ ሳቢያን የምንኖር ቤተሰብ ነን። በየማታው ስድስት አምፖሎች እናበራለን፤ ሦስቱ የድሮዎቹ ባለ ክር፣ ሦስቱ ጥምዞቹ ኃይል ቆጣቢዎች ናቸው። ሁሉንም በኤል ኢ ዲ ለመቀየር አስበን ገበያ ብንወጣ አንዱ ባለ ሱቅ 5 ዋት ይበቃችኋል ሲለን ሌላው 18 ዋት ካልሆነ ቤቱ ይጨልማል አለን። ዋጋቸውም በጣም የተራራቀ ነው። ስንት ዋት እንግዛ? ለውጡስ በቆጣሪያችን ላይ ይታያል?

መልስ፦ የሁለቱ ባለ ሱቆች ምክር እንዲህ የተራራቀው ሁለቱም በዋት ስለ ተናገሩ ነው። ዋት አምፖሉ የሚወስደውን ኃይል እንጂ የሚሰጠውን ብርሃን አይነግርም። አምፖል ሁሉ ባለ ክር በነበረበት ዘመን ሁለቱ አብረው ከፍና ዝቅ ይሉ ስለነበር በዋት መግዛት አያሳስትም ነበር፤ ዛሬ ግን ካርቶኑ ላይ መጀመሪያ መፈለግ ያለባችሁ የብርሃኑን መጠን የሚነግረውን የሉመን ቁጥር ነው። የለመዳችሁት ባለ 60 ዋት ባለ ክር አምፖል 800 ሉመን ገደማ ይሰጣል። ይህንኑ ያህል ብርሃን ጥምዙ ኃይል ቆጣቢ ከ13 እስከ 15 ዋት፣ ደህና ኤል ኢ ዲ ደግሞ ከ8 እስከ 9 ዋት ብቻ ወስዶ ይሰጣል። ባለ 40 ዋቱን ለመተካት 470 ሉመን ገደማ፣ ባለ 100 ዋቱን ለመተካት 1500 ሉመን ገደማ ያለውን ፈልጉ። በዚህ ስሌት 5 ዋቱ ለመተላለፊያና ለመኝታ ቤት ይበቃል፤ 18 ዋቱ ግን በትክክል የተሠራ ከሆነ ከባለ 100 ዋቱ ባለ ክር አምፖል የበለጠ ስለሚያበራ ለአንድ መካከለኛ ክፍል ከሚያስፈልገው በላይ ነው።

ሉመኑ ያልተጻፈበትን አምፖል፣ ምንም ቢረክስ፣ እንዳትገዙ አጥብቄ እመክራለሁ። የተጻፈውንም ቢሆን እንዲሁ አትመኑ፤ ሉመኑን በዋቱ አካፍሉት። ተራ የቤት ኤል ኢ ዲ ለአንድ ዋት ከ80 እስከ 110 ሉመን ይሰጣል፤ በጣም ርካሹ አምፖል 200 እሰጣለሁ ካለ ካርቶኑ እያጋነነ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያም ባለ ሱቁን ሰክቶ እንዲያበራላችሁ ጠይቁና የስልካችሁን ካሜራ ወደ ብርሃኑ አቅርቡ። በስክሪኑ ላይ ጥቁር ሰንበሮች ጎልተው የሚሮጡ ከሆነ መብራቱ ዓይን ሳያስተውለው በፍጥነት እየተርገበገበ ነው፤ እንዲህ ያለው አምፖል በተለይ ልጆች ለሚያጠኑበት ክፍል አይሆንም።

ወደ ቆጣሪው እንምጣ። ሦስቱ ባለ ክር አምፖሎች እያንዳንዳቸው 60 ዋት ሆነው በቀን አምስት ሰዓት ቢበሩ በወር 27 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃሉ። በ9 ዋት ኤል ኢ ዲ ሲተኩ ፍጆታው ወደ 4 ይወርዳል። ሦስቱ ጥምዞች ግን ባለ 15 ዋት ቢሆኑ በወር የሚፈጁት 7 ገደማ ስለሆነ እነሱን መቀየር የሚያተርፈው ከ3 ኪሎ ዋት ሰዓት ያነሰ ነው። ስለዚህ ባለ ክሮቹን ሳትውሉ ሳታድሩ ቀይሩ፤ ጥምዞቹ ግን እስኪቃጠሉ ያገልግሉ። በውስጣቸው ጥቂት ሜርኩሪ ስላለ ሲያረጁ ሳይሰበሩ ለብቻ ይቀመጡ። አንዱ ከተሰበረ መስኮቱን ከፍታችሁ ለጥቂት ደቂቃ ከክፍሉ ውጡ፤ ስብርባሪውን በመጥረጊያ ሳይሆን በጠንካራ ወረቀት ሰብስቡ፤ የቀረውን ብናኝ በፕላስተር እየነካካችሁ አንሱ። በአገራችን የቤት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የኪሎ ዋት ሰዓቱ ዋጋ ከፍ ስለሚል፣ ፍጆታን መቀነስ ሂሳባችሁን ይበልጥ ያቀላል።

በድሬዳዋ ግን ከሂሳቡ ባሻገር ሌላም ምክንያት አለ፤ ለእኔ ዋናውም እሱ ነው። ባለ ክር አምፖል ከሚወስደው ኃይል ከአሥር እጅ አንዱን እንኳ ወደ ብርሃን አይለውጥም፤ ቀሪው ሙቀት ሆኖ ክፍሉ ውስጥ ይቀራል። ሦስቱ አምፖሎች በአንድ ላይ 180 ዋት ይወስዳሉ፤ ይህ ሁለት የጣሪያ ቬንቲሌተሮች ከሚወስዱት ይበልጣል። በግንቦትና በሰኔ ሌሊት ቤቱን በአምፖል እያሞቁ በቬንቲሌተር ለማብረድ መሞከር ለአንድ ሙቀት ሁለት ጊዜ መክፈል ነው። ይሁን እንጂ ከመብራት ለውጥ ተአምር አትጠብቁ። በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ የምትጋግሩ ከሆነ፣ 3500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በአንድ ሰዓት የሚፈጀው ኃይል ባለ 9 ዋቱን አምፖል ከ380 ሰዓት በላይ ያበራል፤ ሊጡን አጠራቅሞ በአንድ ጊዜ መጋገር ከአምፖሉ ለውጥ ጎን ለጎን ሊታሰብበት ይገባል።

ጥያቄ፦ ከዚራ ባለ አንድ አሮጌ ቤት እኖራለሁ። ኮርኒሱ በጣም ከፍ ያለ ሲሆን መብራቶቹ በተዘጋ የብርጭቆ ኳስ ውስጥ ናቸው። ኤል ኢ ዲ ለዓመታት ያገለግላል ተብዬ የገዛኋቸው አምፖሎች ግን ዓመት ሳይሞላቸው ተቃጠሉ። ተታልዬ ይሆን?

መልስ፦ አምፖሎቹ ደካሞች ሊሆኑ ይችላሉ፤ እኔ ግን አስቀድሜ የምጠረጥረው የብርጭቆውን ኳስ ነው። ካርቶን ላይ የሚጻፈው 15000 ወይም 25000 ሰዓት ዕድሜ አምፖሉ አየር በሚያገኝበት ቦታ ሲሠራ የሚታሰብ ነው። ኤል ኢ ዲ ራሱ ጠንካራ ሆኖ ሳለ ሙቀት የሚጎዳው ከበታቹ ያለውን፣ የ220 ቮልቱን ኃይል ለአምፖሉ እንዲስማማ የሚለውጠውን ክፍል ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ያለው ካፓሲተር፣ ማለትም ኃይል አጠራቅሞ የሚያመጣጥነው ትንሽ ዕቃ፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ድሬዳዋ ወደ 1200 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፤ ትኩስ አየር ወደ ኮርኒስ ይወጣል፤ ኳሱ ደግሞ የአምፖሉን ሙቀት አፍኖ ይይዛል። ወደ 1900 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ በምትገኘው ሐረር ያው አምፖል በክፍት መያዣ ውስጥ ብዙ ቢቆይ የሚያስገርም አይደለም።

ስለዚህ ከተቻለ ኳሶቹን ከታች ክፍት በሆነ መሸፈኛ ይተኩ። ቤቱ የቆየ መልኩን እንዲይዝ ከፈለጉ ደግሞ፣ እኔም ለከዚራ ቤቶች የምመኘው ይህንን ነው፣ ለተዘጋ መያዣ የተሠራ መሆኑ የተጻፈበትን አምፖል ይምረጡ፤ ካጡም ዋቱን ዝቅ ያድርጉ። ኮርኒሱ ከፍ ያለ በመሆኑ የሚጠፋብዎትን ብርሃን በትልቅ አምፖል ከማካካስ ገመዱን አስረዝሞ መብራቱን ወደ ጠረጴዛው ማውረድ ይሻላል፤ ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ከታች የሚደርሰው ብርሃን ወደ አራት እጥፍ ይጠጋልና። ኃይል በሚዋዥቅበት ሰፈር ከሆኑ ደግሞ ሰፊ የቮልት ክልል፣ ለምሳሌ ከ170 እስከ 265 ቮልት፣ የተጻፈበት አምፖል ይግዙ፤ መብራት ሲሄድም ማጥፊያውን አጥፍተው ከተመለሰ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ያብሩ።

ጥያቄ፦ ሐረር ጁገል ውስጥ ነው የምኖረው። ነጭ ኤል ኢ ዲ ካስገባን ወዲህ ቀዩ ነደባ (የሐረሪ ቤት የመቀመጫ መደብ) እና ግድግዳው ላይ የተደረደሩት ስፌቶች ደብዝዘው ይታዩናል። አምፖሉ ደካማ ሆኖ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ብርሃኑ በቂ ሆኖ ሳለ ቀይ ጎድሎበት ነው። ነጭ ኤል ኢ ዲ ከመሠረቱ ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጥ ሲሆን፣ ነጭ የሚመስለው ከላዩ በተቀባው ቢጫማ ንጥረ ነገር ሲያልፍ ነው። ለዚህ መሠረት የሆነውን ሰማያዊ ኤል ኢ ዲ የፈለሰፉት አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ንጥረ ነገሩ ርካሽ ሲሆን በብርሃኑ ውስጥ ቀይ ስለሚያንስ የነደባው አፈር ቀለምና የስፌቱ ቀይ አለላ ሕይወት ያጣሉ። በካርቶኑ ላይ ሁለት ቁጥሮችን ይመልከቱ። የመጀመሪያው የብርሃኑን ቀለም የሚነግረው የኬልቪን ቁጥር ነው፤ 6500 ኬልቪን ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ 2700 ወይም 3000 ኬልቪን ግን ሞቅ ያለ ቢጫማ ነው፤ ለእንደዚህ ያለ ቤት የምመርጠውም ይህንን ነው። ሁለተኛው ሲ አር አይ ወይም ራ ተብሎ የሚጻፈው፣ ቀለምን በትክክል የማሳየት ችሎታው ነው፤ 80 የተለመደ ሲሆን ለእርስዎ ክፍል 90 የተጻፈበትን ቢያገኙ ተጨማሪው ዋጋ የሚያስቆጭ አይደለም። 6500 ኬልቪኑን ለወጥ ቤት ያዛውሩት።

ጥያቄ፦ ማጥፊያውን ካጠፋሁ በኋላ ኤል ኢ ዲው ሌሊቱን ሙሉ ደብዘዝ ብሎ ይበራል። አደጋ አለው?

መልስ፦ የሚባክነው ኃይል እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ምክንያቱ ግን መጣራት አለበት። በማጥፊያው ላይ ያለች ትንሽ የጨለማ ጠቋሚ መብራት ወይም ጎን ለጎን የተዘረጋ ረጅም ገመድ ይህን ያደርጋል፤ ይህ አያሰጋም። አንዳንድ ጊዜ ግን ማጥፊያው የሚያቋርጠው ፌዙን (ኃይል ይዞ የሚመጣውን ሽቦ) ሳይሆን ኒውትራሉን (የመመለሻውን ሽቦ) ስለሆነ ነው። ያን ጊዜ መብራቱ ጠፍቶም የአምፖሉ መያዣ ኃይል እንደተሸከመ ስለሚቆይ አምፖል ሲቀይሩ ሊይዝዎ ይችላል። ባለሙያ በቴስተር አይቶ ፌዙን በማጥፊያው በኩል እንዲያሳልፈው ያስደርጉ፤ ይህ እስኪሠራ ድረስ አምፖል ሲቀይሩ ከቆጣሪው አጠገብ ያለውን ብሬከር ያውርዱ።