ጨለማ ክፍል በቤት ውስጥ፦ ጥያቄና መልስ

ጥቁርና ነጭ ፎቶ ቤት ውስጥ ስለማጠብ ከጻፍኩ ወዲህ ደብዳቤ በዝቶብኛል። ሁሉንም ለመመለስ ቦታው አይበቃም። የሚደጋገሙትን መርጫለሁ። አንዱን መልስ ሆን ብዬ አስረዝሜዋለሁ፤ እሱን ማንም እንዳይዘለው እለምናለሁ።

ከሐዋሳ፦ ነጭ አምፖል ላይ ቀይ ሴሎፎን ጠቅልሎ ይሠራል። ነጭ መሆን ያለበት ቦታ ሁሉ ግራጫ እየሆነ አስቸግሮታል። ወረቀቱ አርጅቶ ይሆን?

ሊሆን ይችላል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው ሴሎፎኑን ነው። የፎቶ ወረቀት ቀይ ብርሃን አያይም፤ ሰማያዊና አረንጓዴ ግን ያያል። ለዓይንህ ቀይ የመሰለህ ሴሎፎን እነሱንም ያሳልፋል። መጀመሪያ ድፍን ጨለማ ውስጥ አንድ ቁራጭ ወረቀት ዲቨሎፐር (ምስሉን የሚያወጣው ፈሳሽ) ውስጥ ክተት። ነጭ ሆኖ ከቀረ ወረቀቱ ደህና ነው። ከዚያ ሌላ ቁራጭ ሲታጠብ ፈዘዝ ያለ ግራጫ እንዲሰጥ ያህል ብቻ ነጭ ብርሃን አሳየው። ሳንቲም አስቀምጥበትና ቀይ መብራትህ ሥር 7 ደቂቃ አቆየው፤ ከዚያ እጠበው። የሳንቲሙ ክብ ከታየ መብራትህ አይሆንም። ቀይ ኤልኢዲ አምፖል ገዝተህ ያንኑ ፈተና ድገምለት።

ከባሕር ዳር፦ ፊልሙንስ በቀይ መብራት ማጠብ ይቻላል?

አይቻልም። ዛሬ የሚሸጠው አብዛኛው ፊልም ቀይንም ያያል፤ ታንክ (ብርሃን የማያስገባ የፊልም ማጠቢያ ዕቃ) ውስጥ ገብቶ ክዳኑ እስኪዘጋ ድረስ ድፍን ጨለማ ይፈልጋል።

ከደብረ ብርሃን፦ በስቶፕ ባዝ (የዲቨሎፐሩን ሥራ በሚያስቆመው ፈሳሽ) ፋንታ አቼቶ?

አዎ። ነጩን፣ 5 በመቶ አሲድ ያለውን፤ አንድ እጅ አቼቶ በሦስት እጅ ውሃ።

ከድሬዳዋ፦ ዲቨሎፐሩ 20 ዲግሪ ይሁን ይባላል። የቧንቧው ውሃ ግን ከዚያ በላይ ይሞቃል።

ጠርሙሱን በረዶ ያለበት ሳፋ ውስጥ አቁመው። በረዶውን ዲቨሎፐሩ ውስጥ አትጨምር፣ ያቀጥነዋል። ከ24 ዲግሪ በታች ካልወረደልህ ሰዓቱን ቀንስ፤ በ20 ዲግሪ 10 ደቂቃ የሚፈልገው በ24 ዲግሪ 7 ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። ከ5 ደቂቃ በታች ግን አትውረድ፣ ፊልሙ ዝንጉርጉር ሆኖ ይወጣል።

ከጅማ፦ በቡና ፊልም ይታጠባል ሲባል ሰምታለች። የቡና አገር ሰው ናትና የጀበናውን ብትጠቀምስ?

መታጠቡስ ይታጠባል። ነገሩን በ1995 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር በአሜሪካ በሮቸስተር የቴክኖሎጂ ተቋም አስተማሪው ስኮት ዊሊያምስ ከተማሪዎቹ ጋር ሞክሮ አሳይቶታል። ዛሬ ብዙ ሰው የሚሠራበት ቅመማ ለአንድ ሊትር ውሃ ይኸው፦ 54 ግራም የልብስ ማጠቢያ ሶዳ፣ ማለትም ሶዳ አሽ፤ 16 ግራም የቫይታሚን ሲ ዱቄት፤ 40 ግራም የሚሟሟ ቡና። በ20 ዲግሪ 15 ደቂቃ። ምስሉን የሚያወጣው ካፌይኑ አይደለም፣ ቡናው ውስጥ ያሉ አሲዶች ናቸው። እነሱ ደግሞ ከእኛ አረቢካ ይልቅ በሮቡስታ ይበዛሉ። ስለዚህ ለዚህ ሥራ ርካሹ የቆርቆሮ ቡና ይሻልሻል። የጀበናው ውፍረት በየአፈላሉ ይለያያል፤ አንዱ ፊልም ጥሩ ወጥቶ ሌላው ይገረጣል። ጥሩ ቡናሽን ጠጪው። ቤኪንግ ሶዳና የልብስ ሶዳ አንድ እንዳልሆኑም አትርሺ፤ በቤኪንግ ሶዳ አይሠራም።

ከአዲስ አበባ፣ አንዲት እናት፦ ልጃቸው መታጠቢያ ቤቱን በጥቁር ፕላስቲክ ሸፍኖ ፎቶ ያጥባል። የተረፈውን በሃይላንድ ጠርሙስ እየሞላ ኩሽና ውስጥ ያስቀምጣል። እሳቸውን ያሳሰባቸው ሽታው ነው።

ሽታው መልስ አለው። ፊክሰር (ምስሉን የሚያጸናው ፈሳሽ) እና አቼቶ አፍንጫ ይቆጠቁጣሉ፤ አስም ያለበት ሰው በዚያ ሰዓት እዚያ አይግባ። ልጁ በየግማሽ ሰዓቱ ወረቀቱን ከድኖ በሩን ይክፈት።

እኔን ያስደነገጠኝ ጠርሙሱ ነው። ለምን እንደወደደው ይገባኛል። ዲቨሎፐር በአየር ይበላሻል፣ ሃይላንድ ደግሞ ጨመቅ አድርገው አየሩን ካስወጡ በኋላ ይከደናል። ግን በእኛ ቤት ሃይላንድ ማለት የሚጠጣ ውሃ ነው። እንግዳም፣ የጎረቤት ልጅም፣ ከሜዳ ተጠምቶ የገባ ታናሽ ወንድምም ሳይጠይቅ ከፍቶ ይጎነጫል። አዲስ የተበጠበጠ ዲቨሎፐርና ፊክሰር በዓይን ከውሃ አይለዩም። ዲ-76 የሚባለው የታወቀው ዲቨሎፐር በሊትር 2 ግራም ሜቶልና 5 ግራም ሃይድሮኪኖን አለው፤ ሁለቱም ሲዋጡ መርዝ ናቸው። ከላይ የጻፍኩት የቡናው ደግሞ መልኩ ቡና ነው። ውስጡ ግን ጉሮሮ የሚያቃጥል ሶዳ አለ። «ከቡና ነው የተሠራው፣ ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው በጣም ያሳስበኛል።

መላ ፈጥሮ መሥራት ደስ ይለኛል፤ ሳፋውም፣ ጥቁር ፕላስቲኩም፣ በልብስ መቆንጠጫ የተሰቀለው ፊልምም ጥሩ ነው። የሚበላበትና የሚጠጣበት ዕቃ ግን ከዚህ ሥራ ውጭ ይሁን። ማንኪያውም፣ ኩባያውም፣ ፍሪጁም። ልጅዎ አዲስ ቡናማ ጠርሙስ ከመድኃኒት ቤት ወይም ከላቦራቶሪ ዕቃ ሻጭ ይግዛ። ፈሳሹ ሲጎድል ብይ ይጨምርበት፤ ደረጃው እስከ አንገቱ ከፍ ይልና አየሩ ይወጣል። በአማርኛ በትልቁ «መርዝ» ብሎ ቀኑን ይጻፍበት፣ ቁልፍ ያለው ሳጥን ውስጥ ይቆልፈው። ይህን ዛሬ ማታ ያድርጉት፣ ቅዳሜን አይጠብቁ። ማንም ሰው ከጠጣ ደግሞ አያስመልሱት፣ ወተትም አጠጡት ቢሏችሁ አትስሙ። ጠርሙሱንና የዱቄቱን ማሸጊያ ይዛችሁ ወዲያው ሆስፒታል ሩጡ።

ከመቀሌ፦ ጣቶቹ መካከል እያሳከከው ቆዳው ይሰነጠቃል። ቅባት ይቀባ?

ሜቶል አንዳንድ ሰው ላይ አለርጂ ያመጣል፤ አንዴ ከጀመረ በየንክኪው እየባሰ ሊሄድ ይችላል። በባዶ እጅ መሥራቱን አቁም። ናይትሪል ጓንትና መቆንጠጫ ተጠቀም። ቅባቱን እኔ አላዝልህም፤ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂድ፣ የምትጠቀምበትን ዲቨሎፐር ስምም ጽፈህ ያዝ።

ከአዲስ አበባ፦ የማጉያው (ኢንላርጀሩ፣ ፎቶውን አጉልቶ ወረቀት ላይ የሚያሳርፈው መሣሪያ) ሌንስ ሻግቷል።

ካሜራ ጠጋኝ ጋ ይውሰዱት።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ፦ ያገለገለ ፊክሰር ሲንኩ ውስጥ ይደፋል?

ባይደፋ ይሻላል። ከፊልሙ የሟሟው ብር ያለው እሱ ውስጥ ነው፤ ለውሃ ውስጥ ነፍሳት መርዝ ነው። እርስዎ ያሉበት አገር ይህ ቀላል ነው፣ የካውንቲዎ የአደገኛ ቆሻሻ መቀበያ ጋ በጀሪካን ያድርሱት።

ከጎንደር፦ ልክ ሥራ ስጀምር መብራት ይጠፋል!

ያለ ኢንላርጀርም ይሠራል። ቀዩ የብስክሌት የኋላ መብራት በባትሪ ድንጋይ ይበራልህ፤ እሱንም በሳንቲሙ ፈትነው። ኔጋቲቩን (የታጠበውን ፊልም) ወረቀቱ ላይ አንጥፈህ የመስኮት መስታወት ጫንበት። የእጅ ባትሪህን በነጭ ወረቀት ሸፍነህ ከአንድ ሜትር ከፍታ አብራበት። ስንት ሰከንድ እንደሚበቃ በቁራጭ ወረቀት ፈልግ፦ 1፣ 2፣ 4፣ 8። ፎቶው የኔጋቲቩን ያህል ትንሽ ይሆናል፤ ለ35 ሚሊሜትር ፊልም ሙሉውን ጥቅል በአንድ ገጽ ላይ አሰልፈህ ማየት ትችላለህ።