ካርዲዮሎጂ (የልብ ሕክምና) ለምታስቡ ሬዚደንቶች (ስፔሻሊቲ የምትማሩ ሐኪሞች)

ውድ ልጆቼ፣

እዚህ ሐዋሳ ወንዱ ሬዚደንት «ካርዲዮ ልግባ» ሲል «በርታ» ይባላል። ሴቷ ስትል ግን «ትዳሩስ? ልጁስ? ጨረሩስ?» ይከተላል። እኔ ስገባም ይኸው ነበር። ከጨረሩ ልጀምር፤ ብዙዎቻችሁን የሚያስፈራው እሱ ነውና።

ጨረሩ በዋናነት ያለው ካት ላብ (በኤክስሬይ እያየን በቀጭን ቱቦ ልብን የምናክምበት ክፍል) ነው። ኤኮ (የልብ አልትራሳውንድ) በድምፅ ሞገድ ስለሚሠራ ጨረር የለውም። ካት ላብ ለምትገቢውም የጨረሩ መጠን ሊለካ የሚችል ነገር ነው። ዓለም አቀፉ ምክር ማርገዟን ካሳወቀች ባለሙያ ጽንስ ላይ የሚያርፈው ከ1 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ) እንዳይበልጥ ይላል። ሰው ከተፈጥሮ ብቻ በዓመት በአማካይ 2.4 ያህል ያገኛል። ከምንጩ ያለሽን ርቀት እጥፍ ስታደርጊው መጠኑ ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ ወሬውን ትተሽ መለኪያ ባጅ ጠይቂ። ስታረግዢ ደግሞ ሌላ ባጅ ጨረር ከሚከላከለው ከባድ አፕረን ሥር፣ ሆድሽ ላይ አድርጊ። ባጅ የማይሰጡበት ቦታ ከሆነ መፍራትሽ ልክ ነው፤ ወንዱም ይፍራ። (የአፕረኑን ክብደት ግን ማንም አያነሳም። ወገብ የሚጨርሰው እኮ እሱ ነው!)

ሰዓቱ ይከብዳል፣ አልዋሽም። ድንገተኛ የልብ ሕመም ሌሊት ቀን አይልም። ግን የማህፀንና ጽንስ ዲዩቲ (ተረኝነት) ቀላል ነው እንዴ? እዚያ ለምትገባ ሴት «ይከብድሻል» ሲባል ብዙም አልሰማሁም።

ኤኮ ወደሽ ከገባሽ እሰየው። «ለሴት ኤኮ ይሻላል» ብለው ሲመድቡሽ ግን «ለምን?» በይ።

ወንዶች፣ የወለደች ጓደኛችሁን ዲዩቲ ስትሸፍኑ እንደ ውለታ አትቁጠሩት። የ4 ወር የወሊድ ፈቃድ በሕግ የታወቀ ነው፤ ፕሮግራም የሚያወጣው ሰው ቀድሞ ያስላው።

ደግሞ ታካሚዎቻችንን እዩ። በሪዩማቲክ የልብ ሕመም ሚትራል ቫልቯ (አንዱ የልብ በር) የጠበበ ወጣት ሴት ስታረግዝ የደሟ መጠን ይጨምርና ሳንባዋ ውሃ ሊቋጥር ይችላል። ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ የምናወራው ከዚያ በፊት ነው። አማቷ አጠገቧ ተቀምጣ ይህን ማውራት ቀላል አይደለም። ሴት ሐኪም ስታገኝ ደፍራ የምትጠይቅ ብዙ አይቻለሁ።

ከማመልከትሽ በፊት ካት ላብ ያለበት ሆስፒታል ሄደሽ ጥቂት ሳምንት ተለማመጂ። አፕረኑን ለብሰሽ ቁሚ፣ ሌሊት ተጠሪ። ካልወደድሽው ተይው፤ ኢንዶክሪንም (የሆርሞን ሕክምና) ሰው ይፈልጋል።