«ጋሼ፣ ሁሉንም ሸጠውት ብንገላገልስ?»

ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 አክሲዮን መሸጥ ሲጀምር የእህቴ ልጅ ደወለልኝ። አንዱ አክሲዮን 300 ብር ነበር፤ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን። ይግዛ አይግዛ ራሱ ያውቃል። ስልኩን ሊዘጋ ሲል ግን «ጋሼ፣ ውሃውንም መብራቱንም ለግል ሸጠውት ብንገላገልስ?» አለኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር አደረ።

ወጣት ሳለሁ በአንድ ከተማ የውሃ ሂሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። አንዲት ጠላ ሻጭ እናት ነበሩ። አንድ ወር የውሃ ቢላቸው ስምንት እጥፍ ሆኖ መጣ። የድሮ ደረሰኞቻቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጥተው አንድ በአንድ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉልኝ። «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ውሃ የት አደረስኩት?» አሉኝ። ቀና ብዬ እንኳ አላየኋቸውም። «ቆጣሪ አይዋሽም፣ እማማ» አልኳቸው። በሳምንቱ ሄጄ ውሃውን ቆረጥኩባቸው። እዚያው መንገድ ላይ የአለቃዬ ዘመድ የስድስት ወር ውዝፍ ነበረበት። እሱን አልነካሁትም።

ሴትዮዋ ወዴት ይሂዱ? በሰፈሩ ሌላ ቧንቧ የለም። የውሃ ድርጅቱ ለባለሀብት ቢሸጥ እንኳ ሁለተኛ ቧንቧ የሚቀብር አይመጣም። ስልክ ሌላ ነው። ሳፋሪኮም ከገባ ወዲህ ሁለት ሲም ይዛችሁ በረከሰው ትደውላላችሁ። ፉክክሩ ጠቅሞናል። ቢሆንም ቴሌ የድምፅ ታሪፉን 40 በመቶ የቀነሰው በነሐሴ 2010 ነው፤ ያኔ ብቻውን ነበር፣ ሙሉ በሙሉም የመንግሥት። ታክሲውስ? ከድሮም የግል ነው። ማታ ዝናብ ሲጥል ግን መንገድ እያቆራረጠ ሁለቴ ያስከፍለናል።

የዛሬ ልጆች «የግል» ሲባል ቶሎ ልባችሁ ይሞቃል። እኛ ደግሞ «የሕዝብ ንብረት» ሲሉን ዓይናችንን እንጨፍን ነበር። አትራፊ ድርጅት ሲሸጥ ግብር ከፋዩ ብሩን አንዴ ያገኛል፤ የየዓመቱ ትርፍ ግን ይቀርበታል። እኔ ከገዢው ማንነት በፊት የምጠይቀው አለ። ቢሉ ሲሳሳት ከድርጅቱ ውጭ ማን ይሰማኛል? ቆጣሪውን ማን መጥቶ እንደገና ያነብልኛል?

ሴትዮዋ እቁባቸውን አውጥተው ከፈሉ። ልቀጥልላቸው ስሄድ የቆጣሪውን መስታወት በጣቴ ጠርጌ አነበብኩ። ቁጥሩ ቢሉ ላይ ካለው በጣም ያንስ ነበር። አንባቢው አንድ አሃዝ ስቷል። እሳቸው በጄሪካን በገዙት ውሃ ቡና አፍልተውልኝ ነበር። እስከ በረካው ጠጣሁ። ስለ ቁጥሩ ምንም ሳልናገር ወጣሁ።