ቀለም ከተቀባች በኋላ መብራቷ የደከመ ቮልስ፦ ሽቦው ሁሉ ከመቀየሩ በፊት

ጥያቄ፦ «እ.ኤ.አ. በ1972 የተሠራች ባለ 12 ቮልት ቮልስዋገን ቢትል አለችኝ። የቦዲ ሥራ ተሠርቶላት ሙሉ ቀለም ከተቀባች ወዲህ የፊት መብራቶቿ ደክመው ቢጫ ሆነዋል። ማታ ፍሬን ስይዝ የግራው የኋላ መብራት በመድመቅ ፈንታ ይደበዝዛል፤ ቀን ላይ ደግሞ ፍሬን ስረግጥ በዚያው በኩል ያለው የፊት ፍሬቻ ሳላበራው በስሱ ይበራል። ከዚህም ሌላ ረጅም መንገድ ከነዳኋት በኋላ አጥፍቼ መልሼ ላስነሳት ስል ሞተሪኖው ጠቅ ብሎ ዝም ይላል፤ ስትቀዘቅዝ ግን ያለ ችግር ትነሳለች። ባትሪውንም ፊውዞቹንም ቀይሬ ለውጥ አላገኘሁም። አሁን የሽቦ መስመሩ በሙሉ ይቀየር ተብያለሁ። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦ ሽቦውን በሙሉ ለማስቀየር አይቸኩሉ። ከጻፉልን ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ፍንጭ «ቀለም ከተቀባች ወዲህ» የሚለው ነው። ሽቦ በእርጅና ሲበላሽ ዛሬ በአንዱ በኩል ነገ በሌላው እያለ ቀስ በቀስ ይደክማል እንጂ፣ መኪናዋ ቀለም ቤት ገብታ እስክትወጣ ጠብቆ በአንድ ጊዜ አይከዳም። ለቀለም ሥራው ፓራፋንጎዎቹ (የጎማ መሸፈኛ ቆርቆሮዎቹ) ተፈትተዋል፣ መብራቶቹ ወልቀዋል፣ ከዚያም ሁሉም አዲስ ቀለም በጠጣ ብረት ላይ ተመልሶ ታስሯል። ስለዚህ አስቀድሜ የምጠረጥረው ማሳውን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ከአምፖሉ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለስበትን መንገድ ነው። የሞተሪኖው ነገር ግን ለብቻው የቆመ ሌላ ችግር ስለሚመስለኝ በኋላ እመጣበታለሁ።

በቮልስ ላይ ፖዘቲቩ ወደ እያንዳንዱ አምፖል በሽቦ ይሄዳል፤ የመመለሻው መንገድ ግን በአብዛኛው የመኪናዋ ብረት ራሱ ነው። የኋላ መብራቱ ቤት የሚታሰረው በፓራፋንጎው ላይ ሲሆን፣ በፓራፋንጎውና በዋናው ቦዲ መካከል የጎማ ወይም የፕላስቲክ ጠርዝ ስለሚገባ ሁለቱን ብረት ለብረት የሚያገናኟቸው ብሎኖቹ ብቻ ናቸው። ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ብሎኑ የቱንም ያህል ቢጠብቅ የተቀመጠው በወፍራም ቀለም ላይ ከሆነ ለዓይን የታሰረ መስሎ ለኤሌክትሪኩ ግን የተቆረጠ ነው።

የገለጹት የፍሬን ምልክት ይህን ጥርጣሬ በጣም ያጠናክረዋል። በኋላው መብራት ቤት ውስጥ አንዱ አምፖል ሁለት ክር አለው፤ 21 ዋቱ ለፍሬን፣ 5 ዋቱ ለማታ ነው። ሁለተኛው አምፖል ባለ 21 ዋት ፍሬቻ ነው። ሦስቱም ክሮች አንድ ማሳ ይጋራሉ። ይህ የጋራ ማሳ ሲጠፋ፣ ፍሬን በተረገጠ ጊዜ የገባው ኤሌክትሪክ መውጫ ስለሚያጣ በፍሬቻው አምፖል በኩል ተመልሶ፣ በፍሬቻው ሽቦ እስከ ፊት ተጉዞ፣ በፊተኛው ፍሬቻ ውስጥ አልፎ ወደ ብረቱ ይገባል። ሦስት እኩል አምፖሎች 12 ቮልቱን ስለሚካፈሉት ለፊቱ ፍሬቻ የሚደርሰው 4 ቮልት አካባቢ ነው፤ በስሱ የሚበራውም ለዚህ ነው። ማታ ደግሞ የ5 ዋቱ ክር ማሳ ያጣውን ኤሌክትሪክ በፍሬኑ ክር በኩል እያሾለከ፣ በቀኙ የፍሬን አምፖል ወደ ብረት ያደርሰው ነበር፤ እርስዎ ፍሬን ሲረግጡ ያ መሹለኪያ ራሱ ፖዘቲቭ ስለሚሆን መብራቱ ይደበዝዛል። እንዲህ ያለ መኪና ይዘው ሄደው የፍሬቻ ማብሪያውን፣ የፍሬኑን ስዊች፣ ፍሬቻውን የሚያርገበግበውን ፍላሸር ያስቀየሩ ሰዎች ጥቂት አይደሉም፤ አንዱም ጥፋተኛ አልነበረም።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ጫፉ የተላጠ ረዘም ያለ ሽቦ ይውሰዱና አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን በግራው መብራት ቤት ውስጥ አምፖሉ በሚቀመጥበት ብረት ላይ ይያዙ፤ ረዳትዎ ፍሬን ይርገጥ። መብራቱ ቦግ ካለ ጥፋቱን አገኙት ማለት ነው። ከዚያ ቤቱን አውልቀው፣ የሚያስሩትን ብሎኖችና የሚያርፉበትን ቦታ ከፓራፋንጎው ውስጠኛ ፊት በኩል በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ ይፋቁ፤ አዲሱ ቀለም በውጭ በኩል እንዳይነካ ይጠንቀቁ። እኔ ግን በዚህ ብቻ አላበቃም። ከመብራቱ ቤት ተነሥቶ በዋናው ቦዲ ላይ በንጹሕ ብረት የሚታሰር 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ቡናማ ሽቦ እጨምራለሁ፤ በጀርመን መኪኖች የማሳ ቀለም ቡናማ ስለሆነ ነገ የሚመጣው ባለሙያም አይደናገርም። ከታሰረ በኋላ ላዩን ቫዝሊን ወይም ግሪስ ቢቀቡት ዝገት ይከላከልለታል።

ወደ ፊት መብራቶቹ ስንመጣ፣ በዓይን መገመት ትተን መለካት ይኖርብናል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አምፖሉን ነቅሎ ሶኬቱን በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ለክቶ «12 ቮልት አለ፣ ሽቦው ደኅና ነው» በማለቱ ነው። ጭነት በሌለበት መስመር ላይ በአንድ ቀጭን የሽቦ ፀጉር ብቻ የተንጠለጠለ ገመድ እንኳ ሙሉ 12 ቮልት ያሳያል፤ ጉድለቱ የሚታየው ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ነው። ስለዚህ አምፖሉ እንደበራ ይለኩ። የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ስለሆነ የቴስተሩን ሽቦ በጥቂት ሜትር ማስረዘም ያስፈልጋል። መጀመሪያ ከባትሪው ኔጋቲቭ እስከ አምፖሉ ቡናማ ሽቦ ይለኩ፤ ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ ማሳው ችግር አለበት፣ እንደ ኋላው ይታከማል። ቀጥሎ ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ አምፖሉ ቢጫ ሽቦ፣ ማለትም እስከ አጭሩ መብራት መስመር፣ ይለኩ፤ ከግማሽ ቮልት እጅግ የሚበልጥ ከሆነ በመንገዱ ላይ አንድ ቦታ እየተበላ ነው። ይህ ኢምንት እንዳይመስልዎት፤ ለአምፖሉ የሚደርሰው ቮልት በ10 በመቶ ቢቀንስ ብርሃኑ 30 በመቶ ያህል ይቀንሳል፣ ቀለሙም ወደ ቢጫ ይሄዳል።

የተበላበትን ቦታ ለማግኘት ሁለቱን መብራቶች ያወዳድሩ። አንዱ ብቻ ከደከመ የእርሱን ፊውዝና የእርሱን ማሳ ይመልከቱ፤ ሁለቱም በፖዘቲቩ በኩል እኩል ከደከሙ ግን ሁለቱ የሚጋሩትን ማብሪያና የረጅምና አጭር መለወጫውን ሪሌይ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ተቀስቅሶ ትልቁን የሚያስተላልፍ ማብሪያ) ይጠርጥሩ። ፊውዞቹን መቀየርዎ መልካም ነው፤ ነገር ግን በእነዚህ ባለ ሾጣጣ ጫፍ ፊውዞች ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የሚነክሳቸው የነሐስ ምላስ ነው። ባትሪውን ይፍቱና ምላሶቹን በብርጭቆ ወረቀት አጽድተው፣ ከላሉም በፒንሳ በጥቂቱ አጥብቀው ይመልሱ። በነገራችን ላይ ፊውዝ ላይ የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ተጠቅልሎ ካገኙ ወዲያው ይጣሉት፤ ሽቦው ራሱ ፊውዝ ሆኖ እስኪነድ የሚጠብቅ ሥራ ነው። አምፖሎቹ ደግሞ በ60/55 ዋት ሃሎጅን ተለውጠው ከሆነ፣ ሁለቱ አጭር መብራቶች ብቻ 9 አምፔር ያህል ስለሚስቡ ያረጀው ማብሪያ እንዳይቃጠል በሪሌይ ማሠራት ይገባል።

አሁን ወደ ሞተሪኖው። ሲቀዘቅዝ ተነሥቶ ሲሞቅ የሚለግም ሞተሪኖ በቮልስ ዘንድ የታወቀ ነው። የመዳብ ተቃውሞ ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር 0.4 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ በሞተሩ አጠገብ ሙቀቱ በ60 ዲግሪ የጨመረ የሞተሪኖ ሶሌኖይድ (ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖውን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው መግነጢስ) የሚስበው ኤሌክትሪክ በአምስት አንድ እጅ ገደማ ይቀንሳል። ከዚህ ላይ ኤሌክትሪኩ ከኋላ ወደ ዳሽቦርዱ ሄዶ፣ በኮንታክቱ አልፎ፣ እንደገና ወደ ኋላ ሲመለስ የሚያጣው ሲታከልበት ሶሌኖይዱ ለመሳብ አቅም ያጣል።

ነገር ግን ሪሌይ ከመግዛትዎ በፊት የካምቢዮውን ማሳ ይፈትሹ። ሞተሩና ካምቢዮው የተቀመጡት በጎማ ላይ ስለሆነ ከቦዲው ጋር የሚያገናኛቸው በካምቢዮው አፍንጫ በኩል ያለው ጠፍጣፋ የተጠለፈ ገመድ ነው። ይህ ገመድ ከዛገ ወይም ከተበጠሰ ኤሌክትሪኩ በፍሪሲዮን ወይም በነዳጅ መስጫው የብረት ገመድ በኩል መንገድ ይፈልጋል፤ ስታርት ሲያደርጉ ከእነዚህ አንዱ ከጋለ ሌላ ምርመራ አያስፈልግዎትም። ሞተሩ እንዳይነሳ የቦቢናውን (ለካንዴላዎቹ ብልጭታ የሚሰጠውን) ፖዘቲቭ ሽቦ ነቅለው፣ ረዳትዎ ቁልፉን ሲያዞር ከባትሪው ኔጋቲቭ እስከ ሞተሩ ብረት ይለኩ። ከግማሽ ቮልት ከበለጠ ገመዱን ይቀይሩ።

ማሳው ደኅና ሆኖ ሲሞቅ አሁንም የሚለግም ከሆነ ባለ 40 አምፔር ሪሌይ ከኋላ ወንበር ሥር ያስገቡ። ከኮንታክት የሚመጣው ቀይና ጥቁር ሽቦ ሪሌዩን ብቻ ይቀስቅስ፤ ለሶሌኖይዱ ኤሌክትሪኩ ከባትሪው በቀጥታ፣ በፊውዝ በኩል፣ በ4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ይሂድ። ወንበሩን ሲመልሱ የባትሪው መክደኛ በቦታው መኖሩን ያረጋግጡ፤ ሰው ሲቀመጥበት የወንበሩ ስፕሪንግ ወርዶ የባትሪውን ፖዘቲቭ ከነካ እሳት ይነሣል፣ በቮልስ የደረሰም ነገር ነው።

ዲናሞውን ለማየት ሞተሩን ከፍ አድርገው ባትሪው ላይ ይለኩ፤ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ካሳየ አይንኩት። በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጡ ሞተሩ ሲሠራ) መብራቱ ትንሽ መድከሙ የዲናሞ ጠባይ ነው። ቀይዋ የቻርጅ መብራት በመንገድ ላይ ከበራች ግን ወዲያው ይቁሙ፤ ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ የማቀዝቀዣውንም ፋን ስለሚያዞር፣ ከተበጠሰ ሞተሩ ይቃጠላል።

ሽቦው በሙሉ ይቀየር የሚለውን የምቀበለው ፕላስቲኩ ሲያጥፉት የሚሰነጠቅ፣ ሲላጥ መዳቡ ብዙ ሴንቲ ሜትር ድረስ የጠቆረ፣ ወይም ሽቦዎቹ ቀልጠው እርስ በርስ የተጣበቁ ከሆነ ነው። በየቦታው ለቴፕና ለክላክስ ተብሎ ተቀጥሎ በናስትሮ የተጠቀለለውን ግን ያንን ብቻ ማስተካከል ይበቃል። ይቀየር ያለዎት ባለሙያ የትኛው መስመር ላይ ስንት ቮልት እንደሚጠፋ በቴስተር ያሳይዎት፤ ማሳየት ካልቻለ ሥራውን አይስጡት።